ሃያ ለአንዱ፣ አርባ ለሌላው፦ የኢንሱሊን ልክ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የስኳር ክትትል በሚኖርበት ጠዋት በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቂት የቆየ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይነሳም፤ «አንቺ ስንት ነው የምትወጊው?» ከወንጂ የመጣችው እናት «ጠዋት 28፣ ማታ 14» ትላለች። ከወለንጪቲ የመጡት አባት ደግሞ «የእኔ ተደምሮ 16 ነው» ይላሉ። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። እናትየዋ በሽታው የጠናባት መስሏት ፊቷ ይጠቁራል። አባትየው መድኃኒት የተነፈጋቸው ይመስላቸዋል። ሁለቱም ያለ ምክንያት ተጨንቀው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱማ ቤቱ ሲገባ የጎረቤቱን ቁጥር ይሞክራል። አደጋው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የኢንሱሊን መጠን የበሽታ ደረጃ አይደለም። ጫማ 43 የሚያደርግ ሰው እግሩ 38 ከሚያደርገው የባሰ አይደለም፤ ልኩ ነው። ልዩነቱ፣ የእግር ልክ አንዴ ካደገ በኋላ አይለወጥም፤ የኢንሱሊን ልክ ግን ከዕድሜ፣ ከሥራ፣ ከምግብ፣ ከሙቀት፣ ከሌላ በሽታ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ፣ ከአዳማ እስከ መተሐራ ባለው ሸለቆ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሳምንት ሊፈራረቁ ይችላሉ።

መድኃኒቱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የልክ ጥያቄ አብሮት አለ። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን ሲያገኙ የሚሰፍሩበት መለኪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ በጥንቸል ለኩት፤ ሳይበላ የዋለና 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥንቸል ስኳሩ ወርዶ እስኪንፈራገጥ የሚያደርሰው መጠን «አንድ ዩኒት» ተባለ። ይህ ለሰው ሲበዛ ጊዜ ዩኒቱን ወደ ሲሶው ዝቅ አደረጉት። ዛሬ በስሪንጁ ላይ የምንቆጥራት መስመር የዚያች ዩኒት ዘር ናት። በጃንዋሪ 1922 የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ክብደቱ 30 ኪሎ አይሞላም። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም። ጄምስ ኮሊፕ መድኃኒቱን ካጣራው በኋላ፣ ከ12 ቀን ቆይታ በኋላ የተሰጠው ነው ልጁን ያነሳው። ያኔም ዛሬም አሠራሩ አንድ ነው፤ ጀምር፣ ለካ፣ አስተካክል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

ሐኪም ሲጀምር የሚይዘው ክብደትን ነው። ዓይነት 1 ስኳር ላለበት፣ ማለትም ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት ላቆመ ሰው፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ0.4 እስከ 1 ዩኒት ይታሰባል፤ ብዙውን ጊዜ በ0.5 ይጀመራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት 30 ዩኒት ማለት ነው። በሀገራችን ብዙው ታካሚ የሚወጋው ደመናማውን ኤንፒኤች ወይም 70/30 የተባለውን ቅልቅል ስለሆነ፣ ሁለት እጁን ጠዋት፣ አንድ እጁን ማታ ማድረግ የተለመደ ነው፤ 20 እና 10። ዓይነት 2 ሆኖ ክኒን አልበቃ ያለው ሰው ግን ማታ በ10 ዩኒት ሊጀምር ይችላል። ዓይነት 2 ላይ ችግሩ የኢንሱሊን እጥረት ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ኢንሱሊኑን አልሰማ ማለቱም ነው። ሰውነቱ ከከበደ፣ ሆዱ ከሰፋ፣ መስማቱ ይቀንሳልና ለአንድ ኪሎ ከ1 ዩኒት በላይ የሚፈልግም አለ። የወንጂዋ እናት 42 ዩኒት በዚህ ይፈታል። በሽታው ስለጠናባት አይደለም፤ ሰውነቷ በቀላሉ ስለማይሰማ ነው። 45 ኪሎ የሚመዝኑት አባት ደግሞ 16ቱ በቂያቸው ሊሆን ይችላል።

ግን ስሌቱ የደጃፍ ያህል ነው፤ ቤቱ ከዚያ ወዲያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ በኋላ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 እስከ ከሰዓት በኋላ 11። ይህ ማለት ምሳ የዘገየበት ሰው መድኃኒቱ ከደሙ ላይ የሚወስደው ስኳር ያጣል። ጥርት ያለው፣ «ሬጉላር» የሚባለው፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ብዙ ሰው «መጠኔ አልተስማማኝም» የሚለው መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ሳይስማማው ነው። ዩኒት ከመቀየር በፊት ሰዓትን ማስተካከል ብዙ ሕመም ያስቀራል።

የሀገራችን ታካሚ ከውጭ መጻሕፍት ታካሚ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር ቅጥነት ነው። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ለዓመታት የሚያዩት የስኳር ታካሚ ብዙውን ጊዜ ወጣት፣ ቀጭን፣ ከገጠር የመጣ፣ ድሀ፣ አብዛኛውም ወንድ ነበር። ሽታዬ ዓለሙ እና ኤልድሪድ ፓሪ ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ይህን ኢንሱሊን የሚፈልግ ስኳር ከድህነትና ከልጅነት ምግብ እጥረት ጋር አያይዞታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳርን በዝርዝሩ አስገብቶ ነበር፤ በ1999 ሰረዘው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በኤፕሪል 2025 ባንኮክ ላይ «ዓይነት 5» ብሎ እንደገና እውቅና ሰጠው። ሕንድ ውስጥ በቬሎር በቀጫጭን ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሰውነታቸው ኢንሱሊን ቢያንሰውም ላገኘው ኢንሱሊን ግን በደንብ እንደሚታዘዝ አሳይቷል።

ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ለሚታዘዝ ሰውነት ትንሽ መድኃኒት ይበቃል፤ ትንሽ ትርፍም ስኳሩን አዘቅት ያወርደዋል። በዚያ ላይ ሰውየው እራቱ እርግጠኛ ካልሆነ አደጋው እጥፍ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «የምትበላውን አስተካክል» ብሎ መመለስ ሕክምና አይመስለኝም። መጠየቅ ያለበት «ስንት ቀን እራት ሳትበላ ታድራለህ?» ተብሎ ነው፤ መጠኑም ከመልሱ ጋር ይወሰናል።

ወደ ሸለቆው እንምጣ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተሐራ ደግሞ ወደ 950 ሜትር ትወርዳለች። ሙቀት በኢንሱሊን ላይ በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቆዳ ሲሞቅ የደም ዝውውሩ ይፈጥናል፣ የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ይመጠጣል፣ ስኳር ይወርዳል። በሌላ በኩል ጠርሙሱ ራሱ ፀሐይ ካገኘው መድኃኒቱ ይደክማል፣ ስኳር ይወጣል። ስለዚህ በሚያዝያ ሙቀት ስኳሩ የተዛባበት ሰው መጀመሪያ መለየት ያለበት ሙቀቱ የነካው ቆዳውን ነው ወይስ ጠርሙሱን የሚለውን ነው።

ሶደሬን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው ፍል ውሃ ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለቁርጥማት ብሎ የሚሄድበት ሰው ብዙ ነው። ተወግቶ ወዲያው ፍል ውሃ የሚገባ ሰው ግን ኢንሱሊኑን ቶሎ ያስመጥጠዋል። ላብ ላብ ሲለው፣ ሲያዞረው፣ ሰው «ውሃው ነው» ይለዋል። ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከመግባቱ በፊት መብላት፣ ጣፋጭ ነገር በእጅ መያዝ፣ አጠገብ ላለ ሰው «ስኳር አለብኝ» ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ስኳር ያለበት እግር ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል የውሃውን ግለት በእጅ ወይም በሌላ ሰው ማስፈተሽም እንዲሁ።

ሙቀቱን መፍራትም ልክ አለው። ያልተከፈተ ጠርሙስ በፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ያገለግላል፣ የተለመደው ምክር ከ30 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የሙቀት ልክ ተወስዶ፣ በድንበር የለሽ ሐኪሞችና በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ባለው መለዋወጥ አራት ሳምንት ቢቆይ ጉልበቱን እምብዛም እንደማያጣ አሳይቷል። ፍሪጅ የሌላት የመተሐራ እናት ይህን ብትሰማ ትጽናናለች። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ውኃ የነከረ ወፍራም ጨርቅ በከበባት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ልታኖረው ትችላለች። ከሙቀቱ የባሰው ቅዝቃዜው ነው። መብራት መጣ ሲባል ወደ ፍሪዘሩ ተጠግቶ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣል።

ሥራ ሌላው ነው። ወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዶቹ ኤችቪኤ ኩባንያ ሥር ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ሸንኮራ መቁረጥ የዚህ ሸለቆ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ሸንኮራ የሚቆርጥ፣ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚነቅል፣ ባቱ ላይ በአበባ ግሪን ሐውስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሰው ጡንቻዋ ስኳሩን ያለብዙ ኢንሱሊን ይወስዳል። ሥራው ካበቃ በኋላም ይህ አይቆምም፤ እስከ ማግስቱ ሊዘልቅ ይችላል። ቀን የሠራው ሰው ሌሊት ስኳሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። በቆረጣ ወቅት 24 የበቃው ሰው ፋብሪካው ለጥገና ሲዘጋ 24ቱ ሊያንሰው ይችላል። «የሥራ ቀን መጠን» እና «የእረፍት ቀን መጠን» የሚባል ነገር እንዳለ ለእነዚህ ታካሚዎች ሊነገራቸው ይገባል። በዚያው ላይ፣ የሚሠራበትን ክንድ ወይም ጭን ወግቶ ወዲያው ሥራ የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ያቻኩለዋል፤ የዚያን ቀን ሆድ ላይ ቢወጋ ይሻላል።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጉዳይ ለብቻው ያሳስበኛል። አዳማ የዚህ መስመር ማደሪያ ናት። ከዚህ ጠዋት ተወግቶ የተነሳ ሾፌር ምሳው አዋሽ ላይ ይሁን ሚሌ ላይ የሚወስነው ኬላውና ወረፋው ነው። ጫት ደግሞ ረሃብን ያጠፋል፤ የማይርበው ሰው የወሰደው ኢንሱሊን ግን ምግቡን ይጠብቃል። ስኳር ከ70 በታች እየወረደ ሲሄድ አእምሮ ይደክማል፤ መሪ የያዘ ሰው ይህን ራሱ ላያውቀው ይችላል። መኪናውን ማቆም፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ከዚያ መብላት ነው መፍትሔው። ይህን ረዳቱም ማወቅ አለበት።

ጾምን በተመለከተ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በታመመ ሰው ላይ ጾምን አያስገድዱም፤ ሆኖም ልቡ አልፈቀደለትምና የሚጾም ብዙ ነው። ያን ሰው መቆጣት ሳይነግረን እንዲጾም ማድረግ ብቻ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሙሉ መጠኑን ከተወጋ ኤንፒኤቹ የሚበረታው ባዶ ሆዱን ነው። በረመዳን 70/30 ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው የጠዋቱን መጠን ወደ አፍጥር እንዲያዞር፣ የማታውን ደግሞ ከሩብ እስከ ግማሽ ቀንሶ በሱሁር እንዲወስድ የሚል የታወቀ መመሪያ አለ፤ ከጾሙ በፊት ሐኪም ዘንድ ተሂዶ ለእያንዳንዱ የሚስተካከል ነው። ለእኛ የሰዓት ጾም እንዲህ ያለ ግልጽ መመሪያ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት እመኛለሁ። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ግን በጾምም በጸበልም ምክንያት ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቋረጥ የለበትም። ጸበል ከመርፌ ጋር አይጣላም። መርፌውን ያቆመ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊያስመልሰው፣ ትንፋሹ ሊጥር፣ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሰውነትም በራሱ ጊዜ ልኩን ይቀይራል። ገና የጀመረ ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጠኑ በጣም ሊቀንስ ይችላል፤ ወላጅ «ዳነ» ብሎ ያቆማል፤ አልዳነም፣ ቆሽቱ ለጊዜው አንሰራርቶ ነው። ጉርምስና ሲገባ ያው ልጅ ለአንድ ኪሎ እስከ 1.5 ዩኒት ሊፈልግ ይችላል። እርጉዝ ሴት ከአጋማሹ በኋላ መጠኗ እየጨመረ ይሄድና በወለደች ማግስት ድንገት ይወርዳል። ትኩሳት፣ የሳምባ ነቀርሳ፣ የአስም ስቴሮይድ ያስጨምራሉ። ኩላሊት ሲደክም ግን ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ መጠኑ ይቀንሳል። ለዓመታት 40 ሲወጋ የኖረ አዛውንት 18 ሲበቃው ደስ ይለዋል፤ ደስታው ግን ኩላሊቱን ሳያስመረምር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እጅ አለ። ጠርሙሱ ደመናማ ከሆነ በሁለት መዳፍ መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ በዝግታ ይንከባለላል፤ አይናጥም። በባለ 1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ 100 ዩኒት አለ፤ በአብዛኛው አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት። በባለ ግማሹ ላይ ግን አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት። መድኃኒት ቤት ዛሬ ባለ 1፣ በሚቀጥለው ወር ባለ ግማሽ ሲሰጥ መስመር እየቆጠረ የሚቀዳ ሰው ሳያውቅ መጠኑን በግማሽ ይቀንሳል። ዓይኗ የደከመ እናት ልጇን «እስቲ እየኝ» ብላ ብታስመለክት ጥሩ ነው። በሻንጣ ከውጭ የመጣ ስሪንጅም መታየት አለበት፤ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ላለው መድኃኒት በተሠራ ስሪንጅ ባለ 100ውን የቀዳ ሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ ሰው ደግሞ እዚያ ቦታ እብጠት ያወጣል። እብጠቱ አይጠዘጥዝምና ይወደዋል፤ ኢንሱሊኑ ግን እዚያ ውስጥ ይታሰራል። ሐኪሙ መጠን እየጨመረ ይሄዳል፤ ያ ሰው አንድ ቀን ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲወጋ ስኳሩ ይወድቃል። ሆድ ሳይዳሰስ መጠን መጨመር የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ልግባ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 በኢትዮጵያ 1.9 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች ስኳር እንዳለባቸው ገምቷል። ከእነሱ ኢንሱሊን የሚወጋው ብዙው ሰው መጠኑ የሚወሰነው በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ በምትወሰድ የጠዋት የጾም ልኬት ነው። ያቺ ቁጥር የዚያን ጠዋት ብቻ ትናገራለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ላብ እንዳሰመጠው፣ ሌሊት ቅዠት እንዳስነሳው አትናገርም። ጠዋት 240 ያየ ሐኪም የማታውን መጠን ይጨምራል፤ ሰውየው ግን ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ተነስቶ ዳቦ በልቶ ሊሆን ይችላል። በእኔ እይታ በእነዚህ ከተሞች ኢንሱሊንን ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ እንዳንሰፍር ያደረገን የሐኪም እውቀት ማነስ አይደለም፤ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ እጦት ነው። ኢንሱሊኑን ሰጥቶ ስትሪፑን መንፈግ መንገድ ሳያሳዩ መኪና መስጠት ነው።

ስትሪፕ መግዛት ለሚከብደው አንድ መላ አለ። በየቀኑ አራት ጊዜ መለካት ካልቻሉ፣ በሳምንት አራቷን ይበትኗት፤ ሰኞ ከቁርስ በፊት፣ ረቡዕ ከምሳ በፊት፣ ዓርብ ከእራት በፊት፣ እሁድ ከመኝታ በፊት። ከጎኗ የተወጉትን ዩኒት፣ የሠሩትን ሥራ፣ የበሉበትን ሰዓት ይጻፉ። በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ «ስኳር» ቢሉት «ዹኩባ ሱካራ» ቢሉት፣ የአንድ ወር ደብተር ለሐኪሙ ከአሥር ደቂቃ ወሬ ይበልጥለታል። ከቁርስ በፊት ከ80 እስከ 130 ለአብዛኛው አዋቂ የሚፈለገው ነው፤ ለአዛውንትና ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ከዚህ ላላ ይደረጋል። መጠን ሲጨመርም በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ በ2 ዩኒት፣ ለቀናት እየታየ ነው። ስኳር ሲወርድ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በስልክም ቢሆን ለጤና ባለሙያው ይነገራል፣ መጠኑ ይቀነሳል።

የኦሮሚያ ጤና ቢሮና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ኃላፊዎች፣ ስትሪፕን ከኢንሱሊኑ ጋር በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ስጡ። እናንተም በአግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ስንት እንደሚወጋ ከመጠየቅ ይልቅ መቼ መቼ ስኳሩ እንደሚወርድበትና ያኔ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት።